90 ቀን የተባለው 11 ዓመት

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ የፓኪስታኑ ዙልፊካር አሊ ቡቶ ናቸው።

ቡቶ የባለጸጋ ባላባት ልጅ ነበሩ። የድሃውን ልብ ያገኙት ግን «ዳቦ፣ ልብስና መጠለያ» በሚለው መፈክራቸው ነው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) ፓኪስታን በጦርነት ተሸንፋ ባንግላዴሽ ስትገነጠል፣ አንገቱን የደፋው ጦር ሥልጣኑን ለእርሳቸው ለቀቀ። በ1976 ለሠራዊቱ አዛዥ ሲፈልጉ፣ በማዕረግ የሚቀድሙትን ጄኔራሎች አልፈው ዚያ ኡል ሐቅን ሾሙ። ትሑትና ታዛዥ መስለዋቸው ነበር።

በማርች 1977 በተደረገው ምርጫ የቡቶ ፓርቲ ከ200 መቀመጫ 155ቱን ወሰደ። ተቃዋሚዎች «ድምፃችን ተሰረቀ» ብለው አደባባይ ወጡ። ቡቶም በኤፕሪል በካራቺ፣ በላሆርና በሃይደራባድ ወታደራዊ ሕግ አውጀው ሠራዊቱን ጠሩ። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ማጠንጠኛ እዚህ ላይ ነው። የተመረጠ መሪ ከተቀናቃኞቹ ጋር ያለውን ክርክር በወታደር ካስዳኘ፣ የዳኝነቱን ወንበር በገዛ እጁ አስረከበ ማለት ነው።

ጁላይ 5 ቀን ዚያ ሥልጣኑን ያዙ፤ ቡቶም ታሰሩ። ምርጫ በ90 ቀን ውስጥ ይደረጋል ተባለ። ይሁን እንጂ ቡቶ ለጥቂት ሳምንታት ሲፈቱ ሕዝቡ እየጎረፈ ተቀበላቸው። ድምፅ ቢሰጥ ማን እንደሚያሸንፍ ለጄኔራሉ የሚነግራቸው አላስፈለገም፤ ምርጫው ቀረ። ቡቶ በነፍስ ግድያ ተከሰው ኤፕሪል 4 ቀን 1979 ተሰቀሉ። 90 ቀን የተባለው፣ ዚያ በ1988 በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞቱ ድረስ 11 ዓመት ሆነ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በ1967 ዓ.ም. «ጊዜያዊ» ተብሎ የተመሠረተው ወታደራዊ አስተዳደር በዚያው ስሙ 13 ዓመት ገዝቶናል።

የሚያሳዝነው፣ ከቡቶ መከራ የተማረ መጥፋቱ ነው። ናዋዝ ሻሪፍም በ1998 ቀዳሚዎቹን አልፈው ፐርቬዝ ሙሻራፍን ሾሙ፤ በዓመቱ በኦክቶበር 1999 በሾሟቸው ሰው ተገለበጡ።

የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቡቶ ፍትሐዊ ፍርድ እንዳላገኙ የተናገረው በማርች 2024 ነው፤ ከተሰቀሉ 45 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ሁለቱም መሪዎች ጄኔራሎቻቸውን የመረጡት ውለታ ያስራቸዋል ብለው ነበር። ጦር ግን የሚታሰረው በሕግ እንጂ በውለታ አይደለም። ሕጉን ደግሞ አስቀድሞ ማክበር ያለበት፣ በሕዝብ ድምፅ ወንበር ላይ የወጣው ሰው ራሱ ነው።