የአትክልተኛው ርስት

እህቶቼ፣ የናቡቴን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል፤ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ አልሰጥም ብሎ ሕይወቱን አጣ። ዛሬ የምነግራችሁ በቅርብ ዘመን ስለነበረ አንድ አትክልተኛ ነው።

ኤዲ ማቦ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለደው ከአውስትራሊያ በስተ ሰሜን ባለችው በሜር ደሴት ነው። ካደገ በኋላ ታውንስቪል በምትባል ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ አትክልት እየተንከባከበ ይኖር ነበር። ሐሳቡ ግን ከደሴቱ አልራቀም። እዚያ የእያንዳንዱ ሰው መሬት ወሰኑ በድንጋይና በዛፍ ይታወቃል፤ ከወላጅ ወደ ልጅም ይተላለፋል።

አንድ ቀን ስለዚሁ መሬት ለሁለት የታሪክ መምህራን ሲያወራ፣ መሬቱ በሕግ የመንግሥት መሆኑን ነገሩት። ደነገጠ። ያልሸጡት መሬት እንዴት የሌላ ይሆናል? ለካስ እንግሊዞች አውስትራሊያን ሲይዙ አገሩን ባለቤት እንደሌለው ቆጥረውት ኖሯል። ሰው ሞልቶበት! ሜርንም የኩዊንስላንድ መንግሥት በ1879 ጠቅልሏታል።

በ1982 ማቦ ከሌሎች የደሴቱ ሰዎች ጋር ከሰሰ። ከከሳሾቹ አንዱ ቄስ ነበሩ፣ ዴቭ ፓሲ የሚባሉ። ክርክሩ ሳያልቅ የኩዊንስላንድ ምክር ቤት በ1985 አዲስ ሕግ አወጣ፦ የደሴተኞቹ መብት ከ1879 ጀምሮ ቀርቷል፣ ካሳም የለም የሚል። ባላጋራህ ራሱ ሕግ አውጪ ሲሆን እንዲህ ነው። ይሁንና በ1988 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ሕጉ በዘር ማዳላትን የሚከለክለውን የ1975 አዋጅ ይጥሳል ብሎ ሻረው። አራት ዳኞች ለሦስት፤ በአንድ ሰው ብልጫ ተረፉ።

ዋናው ፍርድ ሰኔ 3 ቀን 1992 ተሰጠ። ከሰባቱ ዳኞች ስድስቱ፣ የዘውዱ መምጣት ብቻውን የነባሩን ሕዝብ መብት አያጠፋም አሉ፤ ሜርም የሕዝቧ ሆነች። በዓመቱም ፍርዱን ለመላው አገር የሚያውል አዋጅ ወጣ። ሁሉም ግን አልተመለሰም። መንግሥት ቀድሞ ለግለሰብ በሙሉ ባለቤትነት የሰጠው መሬት አይነካም፤ ጠያቂዎቹም ከመሬቱ ጋር ያላቸው ትስስር እንዳልተቋረጠ ማስረዳት አለባቸው። ከአገሩ ተገፍቶ ለወጣ ሕዝብ ይህ በጣም ከባድ ነው።

ማቦ ፍርዱን አልሰማም። በዚያው ዓመት በጥር ወር በካንሰር አርፎ ነበር። በ1995 ታውንስቪል የቆመለትን የመቃብር ሐውልት ሰዎች በሌሊት አበላሹት። ቤተሰቡ አስከሬኑን አውጥተው ወደ ሜር ወሰዱት፤ አሁን በገዛ ደሴቱ ላይ ተቀብሯል።