«ዝገቱን እንዳትነካው!»፦ ሦስት ጊዜ ትጥቅ የፈታው የጃፓን ጎራዴ

ሰሞኑን አንድ የቻናላችን ተከታታይ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ፣ ፎቶ ላከልኝ። በሰፈሩ አንድ በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ወታደር ሞተው፣ ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ግቢ ውስጥ ዘርግተው ይሸጣሉ። ወዳጃችን ከአሮጌ መጥረቢያና ከዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መካከል አንድ ጎራዴ አየና ገዛው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ይሄ የእውነት የሳሙራይ ነው? እጀታው ውስጥ የሚገባው ብረት ክፉኛ ዝጓል። በሽቦ ብሩሽ ልፈግፍገው?»

መልሴ ከጥያቄው አጠረ፦ ዝገቱን እንዳትነካው!

እኔ ጎራዴ ሰብሳቢ አይደለሁም፤ ታሪክ አንባቢ ነኝ። ግን ለምን እንዲህ እንዳልኩት ለማስረዳት ስነሳ ነገሩ ረዘመ። የጃፓን ጎራዴ ታሪክ በአብዛኛው ትጥቅ የማስፈታት ታሪክ ነውና። ይህ ቃል ደግሞ ለዚህ ቻናል አንባቢ እንግዳ አይደለም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ትጥቅ ማስፈታት በ1588 ነው። ጃፓን ከመቶ ዓመት በላይ የራሷን ዘመነ መሳፍንት ስትኖር ገበሬውም መነኩሴውም የታጠቀ ነበር። ከዝቅተኛ ቤተሰብ ተነስቶ፣ በጦር ሜዳ ማዕረግ እየወጣ አገሪቱን ወደ አንድ ያመጣው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ፣ እሱ የወጣበትን መሰላል ሌላው እንዳይወጣበት ፈለገ። ገበሬ ጎራዴ፣ ቀስት፣ ጦርና ጠመንጃ እንዳይዝ አወጀ። ሰበቡ ግሩም ነው፦ የሚሰበሰበው ብረት ኪዮቶ ላይ ለሚሠራው ለታላቁ ቡድሃ ቤተ መቅደስ ምስማር ይሆናል፤ ስለዚህ ያስረከበ ሰው በዚህ ዓለም ብቻ ሳይሆን በሚመጣውም ይጠቀማል ተባለ። ትጥቅ ሲፈታ መንግሥተ ሰማያትን ጭምር ቃል የገባ መንግሥት!

ከዚያ ወዲህ ረጅምና አጭር ጎራዴ አጣምሮ መታጠቅ የሳሙራይ ምልክት ሆነ። ነጋዴውና መንገደኛው ግን አጭሩን ብቻ እንዲይዝ የሚፈቀድለት ጊዜ ነበር። ለዛሬ ገዢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው «ዋኪዛሺ» በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውና ከረጅሙ የሚረክሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። «የሳሙራይ ጎራዴ» ተብሎ የተሸጠልህ አጭር ጎራዴ የአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን አልከፋም ነበር።

ሁለተኛው በመጋቢት 1876 መጣ። የሜይጂ መንግሥት ከወታደር፣ ከፖሊስና የክብረ በዓል ልብስ ከለበሰ ባለሥልጣን በስተቀር ማንም ጎራዴ ታጥቆ አደባባይ እንዳይወጣ ከለከለ። በዚያው ዓመት የሳሙራዮቹ የዘር ደሞዝ ወደ ቦንድ ተቀየረ። ጎራዴውም ደሞዙም በአንድ ዓመት ሄደ ማለት ነው። በጥቅምት ወር ኩማሞቶ ላይ ጠመንጃን እንደ ባዕድ ነገር የናቁ ሳሙራዮች በጎራዴና በጦር የመንግሥትን ጦር ሰፈር አጠቁ፤ አለቁ። በዓመቱ ሳይጎ ታካሞሪ በሳትሱማ አመፀ፤ ከገበሬ ልጆች የተመለመለ ጦር ደመሰሰው።

የተቸገረ ባላባት ጎራዴውን ሸጠ፤ ብዙው በአውሮፓ ነጋዴዎች እጅ ከአገር ወጣ። ከአንጥረኞቹም ብዙዎቹ ወደ ወጥ ቤት ቢላዋ፣ ምላጭና መቀስ ዞሩ። የሴኪ ከተማ ዛሬም በቢላዋዋ የምትታወቀው የጎራዴ ሠሪዎች ከተማ ስለነበረች ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ሲጎበኙ ጎራዴው ከአደባባይ ከጠፋ 55 ዓመት ሆኖት ነበር። የሚገርመው ግን በዚያው ሰሞን ወደ ወገብ ሊመለስ ጉዞ መጀመሩ ነው። በ1934 የጃፓን ጦር የአውሮፓ ዓይነቱን ሻምላ ትቶ የጥንቱን ጎራዴ መልክ ለመኮንኖቹ መለሰ፤ በዓመቱ ደግሞ ለሃምሳ አለቃና ለአስር አለቃ በማሽን የተመረተ አዘጋጀ። የሠራዊቱ ፍላጎት ግዙፍ ነበር፤ የጥንቱ አሠራር አይበቃውም። ፋብሪካዎች ተራ ብረት እየቀጠቀጡ፣ በውሃ ፈንታ በዘይት እያቀዘቀዙ አመረቱ። አንዳንዱ መኮንን ግን የቅድመ አያቱን ጎራዴ ከቤት አውጥቶ የወታደር እጀታና አፎት አልብሶት ዘመተ። ጀማሪ ገዢን የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ናቸው።

ሦስተኛው 1945 ነው፤ የወዳጃችንም ጎራዴ ምናልባት የመጣው ከዚህ ነው። ጃፓን እጅ ስትሰጥ አሜሪካኖቹ የጦር መሣሪያ ሁሉ እንዲረከቡ አዘዙ። ትእዛዙ ጎራዴንም ይጨምራል። በፋብሪካ የተመረተውና በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን የተቀጠቀጠው በአንድ ክምር ተጣለ። ከፊሉ ቀለጠ፤ ከፊሉ ባሕር ገባ፤ ብዙው ደግሞ በወታደሮች ሻንጣ «ማስታወሻ» ሆኖ አሜሪካ ገባ። የጎራዴ ሊቅ የነበረው ሆማ ጁንጂ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር አሜሪካውያን መኮንኖችን «ይህ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የጥበብ ሥራ ነው» እያለ ባይማጸን ኖሮ ምን ይተርፍ እንደነበር እንጃ። ልመናው ሰምቶለት የጥበብ ዋጋ ያላቸው እየተለዩ በፈቃድ እንዲቆዩ ተደረገ።

ለብዙዎቹ ግን ዘግይቷል። የጃፓን ዝነኛው አንጥረኛ ማሳሙኔ የሠራውና «ሆንጆ ማሳሙኔ» የሚባለው ጎራዴ በ1939 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ነበር። ባለቤቶቹ ጃፓንን ከ250 ዓመት በላይ የገዛው የቶኩጋዋ ቤተሰብ ናቸው። የቤተሰቡ አለቃ ሌላው ሕዝብ ሲያስረክብ እኔ አልደብቅም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1945 ከሌሎች ጎራዴዎች ጋር ቶኪዮ ውስጥ ለሚገኘው ለሜጂሮ ፖሊስ ጣቢያ አስረከበ። በጥር አንድ አሜሪካዊ ወታደር መጥቶ ወሰዳቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ሌላውን ታሪክ ግን አብልጬ እወደዋለሁ። ዋልተር ኮምፕተን የሚባል አሜሪካዊ የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ፣ አትላንታ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አንድ ጎራዴ ይገዛል። እየመረመረ ሲሄድ ኩኒሙኔ የተባለ የጥንት አንጥረኛ የሠራው፣ ከጦርነቱ በኋላ ከካጎሺማው ቴሩኩኒ መቅደስ የጠፋው ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ተገኘ። በ1963 ያለ ምንም ክፍያ መለሰው። እኛ ስለ መቅደላ ቅርሶች ስንት ዓመት ደብዳቤ እንደጻፍን ሳስብ የዚህ ሰው ነገር ያስቀናኛል።

እንግዲህ ወዳጃችን እጅ የገባው ከየትኛው ነው? መልሱ ያለው እሱ ሊፈገፍገው በተነሳው ዝገት ውስጥ ነው።

የጃፓን ጎራዴ እጀታው በአንዲት የቀርከሃ ችንካር ብቻ ይያዛል። ችንካሯ ስትገፋ እጀታው ይወልቅና «ናካጎ» የሚባለው የብረቱ ጅራት ይታያል። አንጥረኛው ስለቱን እንጂ ይህን ክፍል አይወለውለውም፤ ሆን ብሎ እንዲዝግ ይተወዋል። ዝገቱ በዘመናት ብዛት ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። የአራት መቶ ዓመቱ ወደ ጥቁር ቡና ያደላል፤ የጦርነቱ ዘመን ግን ገና ቀላ ያለና ሻካራ ነው። አዋቂ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ቀለም ነው። በሽቦ ብሩሽ የጠረገው ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱን በእጁ ቀደደ፤ የሚመልስለትም የለም።

ቀጥሎ ቀዳዳውን ቁጠር። ከአንድ በላይ ከሆነ ጎራዴው አንድ ጊዜ አጥሯል ወይም እጀታ ቀይሯል። ረጃጅሞቹ የጥንት ጎራዴዎች ከጅራታቸው እየተቆረጡ ለአዲሱ ዘመን ትጥቅ ይስተካከሉ ስለነበር፣ የሠሪው ስም አብሮ የተቆረጠባቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስም የለውም ብለህ አትናቀው። ስም አለው ብለህም አትደሰት፤ የታላላቅ አንጥረኞችን ስም በሐሰት መቅረጽ ዘመናት ያስቆጠረ ንግድ ነው። ማሳሙኔ በሥራዎቹ ላይ ስሙን የቀረጸው ከስንት አንዴ ነውና ስሙ ጎልቶ የተቀረጸበት ጎራዴ ይበልጥ ሊያጠራጥርህ ይገባል። ከስሙ አጠገብ ትንሽ ክብ ማህተም ካለ አብዛኛውን ጊዜ የጦርነቱ ዘመን የፋብሪካ ሥራ ነው። ስለቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር ከተመታ ደግሞ የአስር አለቃው ነው፤ ነገሩ አለቀ።

ስለቱን ወደ መብራት አዘንብለህ እየው። የጥንቱ አንጥረኛ ብረቱን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጀርባውን ወፈር፣ አፉን ሳሳ አድርጎ። አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው አፉ ይጠነክራል፣ ጀርባው ይለዝባል፤ በሁለቱ መካከል እንደ ማለዳ ጉም የሚታይ ነጭ መስመር ይቀራል። አስመሳዮቹ ይህን በአሲድ ይሥሉታል፤ ያኔ መስመሩ ላይ ላዩን ብቻ ይቀራል፣ ጥልቀት የለውም። ልዩነቱን ፎቶ አያሳይም። ለዚህ ነው ከመግዛትህ በፊት ሙዚየም ሄደህ ትክክለኛውን ደጋግመህ እይ የሚባለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመርኩለት። ጎራዴውን ለምርመራ ብለህ ዝም ብለህ ወደ ጃፓን እንዳትልክ፤ እዚያ በጥንቱ ዘዴ ያልተሠራ የጦርነት ጎራዴ ስለማይመዘገብ ሊወረስ ይችላል። ስለቱንም በባዶ እጅ አትንካ፤ ላብ ያዝገዋል።

ከሁለት ቀን በኋላ አዲስ ፎቶ መጣ። ችንካሯን በጥንቃቄ ገፍቶ አውጥቷል። ጅራቱ ጠቆር ያለ ነው፣ ቀዳዳው ሁለት፣ ማህተም የለም፣ ስምም የለም። አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ በፎቶ ከዚህ በላይ አልናገርም፣ አንድ አዋቂ በእጁ ይዞ ይየው አልኩት።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከአፎቱ ቀለበት ላይ በክር የታሰረች፣ የጃፓን ጽሑፍ ያለባት ቁራጭ ጨርቅ። በ1945 ጎራዴ ያስረከቡ ሰዎች ይመለስልን ይሆናል ብለው ስማቸውንና አድራሻቸውን ጽፈው የሚያስሩት ነገር ነበር። ወዳጃችን «ቆሻሻ ናት፣ ልበጥሳት ነበር» ብሎ ጽፎልኛል። እንዳይነካት ነግሬዋለሁ፤ አሁን ጃፓንኛ የሚያነብለት ሰው እየፈለገ ነው።