የጣና ደሴቶችና የውሃ ወፎቻቸው

በኮኪትና በመተማ ቆላ የኖረ ሰው የውሃን ዋጋ ከወፎች ይማራል። በጋው በጸና ጊዜ የጓንግ ወንዝ እየሳሳ ሄዶ እዚህም እዚያም ኩሬ ይተዋል፤ ወፉም ሁሉ በኩሬው ዙሪያ ይሰበሰባል። ከዚያ በጭልጋ በኩል ወደ ደጋው የወጣ መንገደኛ ግን በጋ የማያደርቀውን የጣናን ሐይቅ ከነደሴቶቹ ተዘርግቶ ያገኘዋል። የዚህ ሐይቅ ወፎች ታሪክ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ስለ ወፎቹ የጻፉት፣ ሁለተኛው ወፎቹን የጠበቁት ሰዎች ታሪክ ነው።

ከጻፉት አንዱ ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ነው። ይህ ሰው በጎንደር ከተቀመጠ በኋላ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1772 ዓ. ም. በዚሁ በእኛ ቆላ አልፎ ወደ ስናር ወረደ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍም የአገራችንን ወፎች በሥዕል አሳየ፤ የጥንት ግብጻውያን ቅዱስ ነው ብለው ሬሳውን በመድኃኒት አድርቀው ይቀብሩት የነበረው ጋጋኖ በኢትዮጵያ በሕይወት የሚገኝ መሆኑን ገለጸ። በቆላ ዛፎች ላይ ያያትንም ርግብ ከአገሬው እንደ ሰማው «ዋልያ» ብሎ ስለ ጻፈ፣ ርግቧ እስከ ዛሬ በዓለም የሳይንስ መዝገብ በዚሁ ስም ትጠራለች። ከእርሱ በኋላ በ1832 የፍራንክፈርቱ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል ጎንደር ገባ። እርሱም በ1837 ጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበትን ጋጋኖ፣ በ1845 ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ መዘገበ።

የጠበቁት ግን ስማቸው በወፍ መጽሐፍ አልተጻፈም። እነርሱም የዳጋ እስጢፋኖስ፣ የጣና ቂርቆስ፣ የክብራን ገብርኤልና የሌሎቹ ደሴቶች መነኮሳት ናቸው። የገዳም ዛፍ መቍረጥ ነውር በመሆኑ ደኑ ቆመ፤ ደኑ በመቆሙም ወፎቹ ማደሪያና ጎጆ መሥሪያ አላጡም። መነኮሳቱ ይህን ያደረጉት ስለ ወፍ ብለው አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያንን ክብር ጠበቁ፣ ክብሩም ወፉን ጠበቀ።

ዳሩ ግን ይህ ሥርዓት የሚጸናው በደሴት ላይ ነው። በየበጋው ከሰሜን ኤውሮፓና ከሩሲያ በሺህ እየሆኑ የሚመጡት፣ ኤውሮፓውያን «ክሬን» የሚሏቸው ረጃጅም ግራጫ ወፎች፣ የሚያድሩትና የሚመገቡት በሐይቁ ዳር ባለው ረግረግና በታጨደው ማሳ ነው። ያ ዳርቻ ገዳም የለውም። ረግረጉ እየታረሰ ይጠባል፤ ከ2011 ወዲህም እንቦጭ የተባለው አረም የውሃውን ዳር ይዞታል። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን ከዓለም የሕይወት ክልሎች መዝገብ ማግባቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም።

እንግዲህ ባለሥልጣኑ ረግረጉን እንደ ባዶ መሬት አይቍጠረው። መምህሩም ተማሪዎቹን ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ጓንግ ዳር አውጥቶ፣ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን ወፍ ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ በየትኛውም ወር እንደሚመጣ ያስጽፋቸው። የተጻፈ ስም እንደማይጠፋ ያችው የቆላ ርግብ ምስክር ናት።