ከልጅ ጋር ከሐይቅ ዳር እስከ ዱመርሶ

ስለ ሕግና ስለ ፍርድ ቤት እንድጽፍ የለመዳችሁ አንባብያን ዛሬ ስለ እግር ጉዞ ስጽፍ ብታዩኝ አትገረሙ፡፡ የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው፡፡ ኦቲዝም አለበት፤ በቃል አይናገርም፡፡ ውኃ ይወዳል፡፡ ከቧንቧ በሚወርድ ውኃ ሥር እጁን ዘርግቶ አንድ ሰዓት ሙሉ መቆም ይችላል፡፡ እህቴ ከሰፈር አርቃ ወስዳው አታውቅም ነበር፡፡ «ሰው ምን ይላል» ብላ ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)፤ «ከእጄ አምልጦ ቢሄድስ» ብላ ነው፡፡ ባሕር የለንም፡፡ ስለዚህ ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቀን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ዱመርሶ በቡና ጥላ ሥር ከልጁ ጋር በእግር ለመሄድ አሰብን፡፡ ተመሳሳይ ልጅ ላላችሁ ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን ልጻፍ፡፡

ጉዞው የሚጀመረው ከመነሻው ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፡፡ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚያስጨንቀው አዲስ ቦታ መሄዱ ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቁ ነው፡፡ እህቴ መኪናውን፣ ሐይቁን፣ የቡና ዛፉን በፎቶግራፍ አሳትማ በአንድ ክር አሰረችና በየማታው ታሳየው ጀመር፡፡ የመጨረሻው ፎቶግራፍ የገዛ ቤታቸው በር ነበር፡፡ ይህቺን አትርሷት፡፡ ለመንገዱ የተገዛውን ጫማ ሰፈር ውስጥ አስለመደችው፡፡ የሚበላው ዳቦና ሙዝ ብቻ ስለሆነ ዳቦው ከለመደው ዳቦ ቤት ተገዝቶ ተጫነ፡፡ የጆሮ መከላከያ፣ ቅያሪ ልብስ፣ መድኃኒት፣ የሐኪም ማስረጃ ቅጂ ተያዘ፡፡ ስሙና የእናቱ ስልክ ሸሚዙ ውስጥ ተሰፋ፤ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ይበጥሳልና፡፡

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዲላ 360 ያህል ይርቃል፡፡ በአንድ ቀን ዲላ ገብቼ አድራለሁ የሚል ሰው አዋቂ ብቻ ይዞ ይሂድ፡፡ እኛ ሐዋሳ አደርን፡፡

ሐይቁ ዳር የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር ስለ ውኃው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከአራት ዓመታቸው በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአሳዳጊ ዓይን ለማምለጥ እንደሞከሩ አሳይቷል፡፡ ውኃ የሚወድ ልጅ ሲያመልጥ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም፡፡ ስለዚህ ሁለት አዋቂዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ እጁን ይይዛል፣ ሌላው ምንጊዜም በውኃው በኩል ይሄዳል፡፡ በየሩብ ሰዓቱ ተቀያየሩ፤ የደከመ ጠባቂ ሐሳቡ ይበተናል፡፡ አሞራ ገደል ያለውን የዓሣ ገበያ በጠዋት ሄደን አየነው፡፡ አባ ኮዳዎቹ ቁመታቸው ከልጁ ቁመት ጋር ተቀራራቢ ነው፣ የሰውም ጩኸት አለ፡፡ ይፈራል ብዬ ነበር፡፡ የጆሮ መከላከያውን አድርጎ አንዱን አሞራ ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ፤ የሸሸሁት እኔ ነኝ፡፡

ምሳ ላይ ግን ነገር ተበላሸ፡፡ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ልጁ በመደሰቱ እጁን እያራገበ ድምፅ ሲያሰማ ኃላፊው መጣና በትሕትና «ጌታዬ፣ እንግዶቻችን ተረበሹ፤ ውጭ ብትቀመጡ» አለኝ፡፡ እህቴ ቀድማኝ ተነሣች፡፡ «ተወው ጋሼ፣ ለምደነዋል» አለች፡፡ ሠላሳ ዓመት ስለ ሕግ ስከራከር የኖርኩ ሰው አፌ ተሳሰረ፡፡ በኋላ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ፣ ምን ብዬ መመለስ እንደነበረብኝ አሰብኩ፡፡ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፡፡ የስምምነቱ አንቀጽ 30 እነዚህ ልጆች እንደሌሎቹ ልጆች በጨዋታና በመዝናኛ እኩል ተሳታፊ እንዲሆኑ መንግሥታትን ያስገድዳል፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል፡፡ ታዲያ ይህን ወርዶ የሚያስፈጽመው ደንብ የታለ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ ሲያዝ ያሰበው ዊልቸርን ነበር፡፡ መልካም ነው፡፡ የእህቴ ልጅ ግን ደረጃውን ሮጦ ይወጣዋል፤ የሚያስወጣው ደረጃው ሳይሆን ዓይን ነው፡፡ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ብዙ ወላጅ የልጁን ሁኔታ የሚጠራበት ቃል እንኳ አልነበረውም፡፡ በ2021 እስካረፉ ድረስ የታገሉት ከዚሁ ዓይን ጋር ነው፡፡

በማግስቱ ዲላን አልፈን፣ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ወረዳ ገባን፡፡ ዱመርሶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው በውጭ አገር ቡና ገዢዎች ዘንድ ስሙ የሚታወቅ ገጠር ነው፡፡ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከላይ ትላልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከመሐል ቡና፣ ከሥር እንሰት ያለበት አሠራር ነው፡፡ ለእኛ ጥቅሙ ጥላው ነበር፡፡ ፀሐይ አይበረታም፣ ሩቅ የሚታይ ነገር ስለሌለም ልጁ አይበታተንም፡፡ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ ዳገት ይበዛዋል፤ ቀዩ አፈር ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፡፡ በበልግ ወራትና በክረምቱ ማብቂያ ከልጅ ጋር አትሞክሩት፡፡ ከኅዳር እስከ ጥር ይመረጣል፤ ያኔ ለቀማውም አለ፡፡ ዛፎቹ ያሉበት ቦታ ሁሉ ዝም ተብሎ የሚገባበት እንዳይመስላችሁ፤ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሶንጎ ሊሆን ይችላልና የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፡፡ ለድንገተኛ ነገር ትልቁ ሆስፒታል ያለው ዲላ ነው፤ ስለዚህ መኪናው በቅርብ ይቁም፡፡

ማጠቢያ ጣቢያ ልታሳዩት ካሰባችሁ ሰዓቱን ምረጡ፡፡ እሸቱ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ፣ መፈልፈያው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሽት ነው፡፡ ጩኸቱን እንኳን የእህቴ ልጅ እኔም አልችለውም፡፡ በጠዋት ግን ማሽኑ ዝም ይላል፤ ሴቶች በማድረቂያ አልጋዎቹ ዙሪያ ቆመው ቡና ይለቅማሉ፡፡ ማፍያ ገንዳዎቹና የቆሻሻ ውኃ ጉድጓዶቹ ክፍት ሊሆኑ ስለሚችሉ የሐይቁ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ በውኃው በኩል ይሁን፡፡ እኔ ከዋዜማው ለጥበቃው ደውዬ ስለ ልጁ ነግሬ ነበር፡፡ «አይናገርም፣ ይሮጣል፣ ሊጮህ ይችላል» ስለው «ይምጣ» ብቻ ብሎ ዘጋው፡፡

ከመኪናው እስከ ጣቢያው ስድስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፡፡ አርባ ደቂቃ ፈጀብን፤ ከየእንሰቱ ቅጠል ላይ ጤዛ ስለሚነካ፡፡ ስንደርስ ሮጦ ወደ አንዱ አልጋ ሄደና ሁለት እጁን እስከ ክርኑ በቡናው ውስጥ ከተተ፡፡ እህቴ «አይሆንም!» ብላ ስትደነግጥ በዕድሜ የገፉ አንዲት ለቃሚ «ተይው፣ እኛስ በእጃችን አይደል የምናገላብጠው» አሏትና ቦታ ለቀቁለት፡፡ ቡናውን እየዘገነ ያፈሰዋል፤ ድምፁ እንደ ውኃ ነው፡፡ ከፎቶግራፎቹ መሐል ይህ አልነበረም፡፡ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመ፡፡ እህቴ እጁን ለቃ ከሴቶቹ ጋር ቡና ስትለቅም ሳያት ጊዜ እኔ በገንዳው በኩል ሄጄ ቆምኩ፡፡