ከበረዶ ወደ አስፋልት

ሴት ልጅ ረጅም ርቀት መሮጥ አትችልም የሚለው እምነት በቀላሉ የሚነቀል አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ። አንዳንዶቹ ከውድድሩ በኋላ ደክመው መታየታቸው በየጋዜጣው ተጋንኖ ተጻፈና ርቀቱ እስከ 1960 የሮም ኦሊምፒክ ድረስ ተሰረዘ። 1,500 ሜትር የተፈቀደላቸው በ1972 ሲሆን ማራቶን ደግሞ በ1984 ነው።

የሚያስገርመው ታዲያ የበረዶው ነገር ነው። ስኪ በሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ሴቶች በ1952 የኦስሎ የክረምት ኦሊምፒክ 10 ኪሎ ሜትር ተወዳድረዋል። ይኸውም በመሮጫው መም 800 ሜትር እንኳ ለሴት ይበዛል በሚባልበት ዘመን መሆኑ ነው። አገር አቋራጭ ስኪ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ዳገቱን በእግርና በክንድ እየገፉ መውጣት ነው፤ ልብንና ሳንባን አጥብቆ ይፈትናል።

ኖርዌጂያዊቷ ኢንግሪድ ክርስቲያንሰን የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ናት። በ1956 በትሮንድሃይም ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ ሩጫንም ስኪንም ትወድ ነበር፤ በ1978 የዓለም የስኪ ሻምፒዮና አገሯን ወክላ ተወዳድራለች። በዚያው ዓመት የአገሯ ልጅ ግሬቴ ዋይትዝ ኒውዮርክ ላይ በመጀመሪያ ማራቶኗ 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገብታ ዓለምን አስደነቀች። የሴቶች ማራቶን መንገድ መከፈት ጀመረ፤ ኢንግሪድም ፊቷን ወደ ሩጫው አዞረች።

ይሁን እንጂ ለዓመታት የታየችው በግሬቴ ጥላ ሥር ነበር። በ1983 ነሐሴ ወንድ ልጅ ወለደች። በአምስተኛው ወር የሂዩስተንን ማራቶን አሸነፈች። በረዶው ሲበረታ ልጇን አጠገቧ አድርጋ ቤት ውስጥ በመሮጫ ማሽን ላይ ትለማመድ ነበር። በዚያው በ1984 በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያው የሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶን ሲካሄድ አሜሪካዊቷ ጆአን ቤኖይት ገና በጠዋቱ አፈትልካ ወጣች፤ የተከተላት አልነበረም። ኢንግሪድ አራተኛ ወጣች፤ ከሜዳሊያ ውጪ ቀረች።

መልሱን የሰጠችው በዓመቱ ለንደን ላይ ነው። ሚያዝያ 1985 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ጨረሰች። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሮጣለች ማለት ነው። የቤኖይትን ክብረ ወሰን በ1 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ አሻሻለች። ይህ ሰዓት የተሰበረው 13 ዓመት ያህል ቆይቶ በ1998 በኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ ነው።

የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ግን ሳታገኝ ቀረች። በ1988 ሴኡል ላይ ሴቶች በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ 10,000 ሜትር ሲሮጡ ኢንግሪድ እየመራች ሳለ እግሯን ተጎድታ አቋረጠች።

የኢንግሪድ ጉልበት መም ላይ ቦታ ባያገኝም በረዶ ላይ ማደሪያ ነበረው። በረዶ በማያውቀው አገር ለተወለደችው ሴት ግን እንዲህ ያለ መጠጊያ አልነበራትም፤ በሩ እስኪከፈት መጠበቅ ብቻ ነበር ዕጣዋ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያጠለቀችበት የ10,000 ሜትር ውድድር ለሴቶች በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ነበር። ከዚያ በፊት በየገጠሩ ስንት ደራርቱዎች ሳይሮጡ እንዳረጁ የመዘገበ የለም።