ቤት ውስጥ አንድ፣ ደጅ ሌላ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤተ እስራኤሎች፣ ስለ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች ነው፤ ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልቁጠርላችሁ።

ጎንደር ሳሉ ማንነታቸው የተደበቀ አልነበረም። ሸክላ የምትሠራው ሴት፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ቀን ማረሻውን ከእጁ የገዛ ጎረቤት፣ ማታ «ቡዳ ነው» ብሎ ሲያማው ያመሻል። ታዲያ መደበቅን የት ተማሩት? መንገድ ላይ! ሌሊት ሌሊት በእግር ወደ ሱዳን ሲሻገሩ፣ ኡም ራኩባ ከሚባለው የስደተኛ ሰፈር ሲገቡ፣ አይሁድ መሆን አደጋ ሆነ። እንደ ሌላው ሁሉ ድርቅና ጦርነት ያባረረው ሰው መስለው ተቀመጡ። ሰንበትን አክብራ ያደገች ሴት፣ ዓርብ ሊመሽ ሲል እሳቷን ስታጠፋ ጎረቤት እንዳያይባት ስትሳቀቅ እስቲ አስቧት። በመንገዱና በሰፈሩ ያለቀው ሰው ወደ 4,000 ይጠጋል ይባላል፤ የራስን ሰው በራስ ሥርዓት መቅበር እንኳ በስውር ነበር።

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ከካርቱም ወደ እስራኤል በድብቅ አውሮፕላን ተነሡ፤ ወሬው ሲሾልክ በረራው ተቋረጠ። የደረሰው ደረሰ። «በቃ፣ ከእንግዲህ መደበቅ ቀረ» አትሉም? እኔም እንደዚያ ባልኩ ነበር።

የተቀበላቸው ጸሐፊ ወይም የክፍል አስተማሪ ግን ለብዙዎቹ ልጆች የዕብራይስጥ ስም አወጣላቸው። በክፋት ነው አልልም፤ ለአፉ እንዲቀለው፣ ልጁም ቶሎ እንዲለምድ ብሎ ይሆናል። ልጅቱ ጠዋት እናቷ ባወጣችላት ስም ተጠርታ ትወጣለች፣ ትምህርት ቤት በሌላው ስም አቤት ትላለች። አውቶቡስ ላይ እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ ስትጠይቃት፣ እሷ በዕብራይስጥ፣ ያውም በሹክሹክታ ትመልሳለች። አልፈርድባትም። ልጅ የሚፈልገው ከጓደኞቹ መካከል አለመለየትን ነው።

ከዚያ 1996 መጣ። በጥር ወር ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ አንድ ጉድ አወጣ። ቤተ እስራኤሎች ወገን ለማዳን ብለው የለገሱት ደም፣ ኤች አይ ቪን በመፍራት፣ ለዓመታት ሳይነገራቸው ሲጣል ኖሯል! ደሙን ይቀበሏቸዋል፣ ያመሰግኗቸዋል፣ ዘወር ሲሉ ይደፉታል። እስከዚያ ቀን ደባቂዎቹ እነሱ ብቻ መስሏቸው ነበር። ወደ 10,000 ሰው ኢየሩሳሌም፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጣ። ዝምተኞች፣ ጨዋዎች እየተባሉ ይወደሱ የነበሩት ሰዎች ከፖሊስ ጋር ተናነቁ። አይታችሁ ከሆነ፣ ጨዋ ብሎ ማሞገስ አንዳንዴ «እንደተደበቅህ ቆይ» ማለት ነው።

ነገሩ በዚያ ያበቃ እንዳይመስላችሁ። ታኅሣሥ 2013 ደም ለጋሾችን የሚቀበለው መኪና የአገሪቱ ምክር ቤት ከሆነው ከክነሴት ግቢ ድረስ መጣ። ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ በሦስት ዓመቷ በዚያ የድብቅ በረራ የገባችው፣ ያኔ የምክር ቤት አባል ነበረች። እጇን ልትዘረጋ ሄደች። «ኢትዮጵያ ነው የተወለድሽው፣ በመመሪያው አይፈቀድም» አሏት። ከፈለገች ደሙን ቀድተው፣ አቀዝቅዘው፣ ሳይጠቀሙበት ሊያስቀምጡላት! ነውሩን ዋጥ አድርጋ መሄድ ትችል ነበር፤ እነ እናቷ ያን ያህል ዘመን የቻሉትን። እሷ ግን ካሜራ ፊት አቆመችው፣ አገሩ ሁሉ አየ። በ2020 ሚኒስትር ሆነች፤ የያዘችው መሥሪያ ቤትም አዲስ ገቢዎችን የሚቀበለው ነው።

የቤተ እስራኤሎች በዓል ስግድም በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል፤ ቄሶቹ በየዓመቱ ጥላቸውን ዘርግተው ኦሪቱን ይዘው ኢየሩሳሌም ላይ ይቆማሉ። ፊተኛው ወንበር ላይ ሹማምንቱ ይደረደራሉ፤ የነሱን ንግግር እንለፈው። ከወጣቶቹ መካከል ግን አገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄደው እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም መታወቂያቸው ላይ የሚያስመልሱ አሉ። ስም የቀየረ ሰው እንደገና ልቀይር ቢል፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ሰባት ዓመት መጠበቅ ስላለበት፣ ቅጹን የሚሞሉት አስበውበት ነው።