ሽጉጡ ማታ የት ያድራል?

ኦክቶበር 26 ቀን 2005 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የዳስ በዓል ባለቀ ማግስት በእስራኤል የሐደራ ከተማ ገበያ በሸማች ተጨናንቆ ነበር። ከፈላፍል መሸጫው አጠገብ የቆመ አንድ ሰው ታጥቆ የመጣውን ፈንጂ አፈነዳው። አምስት ሰዎች ዕለቱን ሞቱ፤ ከቁስለኞቹም መካከል በኋላ ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። ኃላፊነቱን የወሰደው እስላማዊ ጂሃድ የተባለው ታጣቂ ቡድን ነበር።

ከተማዋ ለእንዲህ ያለው ሐዘን እንግዳ አልነበረችም። በኦክቶበር 2001 በመኪና የመጡ ታጣቂዎች አራት ሴቶችን በጥይት ገድለዋል። በጃንዋሪ 2002 ደግሞ አንዲት ልጅ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችበት በዓል፣ ባት ሚጽቫዋ፣ በሚከበርበት አዳራሽ ኤም 16 የያዘ ሰው ገብቶ ስድስት ሰው ገደለ። እንግዶቹ ወንበርና ጠርሙስ እያነሡ ተረባረቡበት፤ እየደበደቡ ገፍተው አስወጡት፤ ደጅ ላይ ፖሊስ ተኩሶ ጣለው። በወንበር ከጠብመንጃ ጋር የተጋጠመ ሰው «ያን ማታ ሽጉጥ በነበረኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል? በእስራኤል የመሣሪያ ፈቃድ ይስፋ የሚለው ወገን ጉልበት የሚያገኘው ከእንዲህ ያለ ሌሊት ነው።

ሐደራ ገና ስትቆረቆር ጀምሮ በዘብ የኖረች ከተማ ናት። በ1891 የሰፈሩባትን አይሁዶች ረግረጉ በወባ ፈጃቸው፤ ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ተከሉ። በ1909 የተቋቋመው «ሃሾሜር» የተባለው የዘበኞች ማኅበር ከጠበቃቸው መንደሮች አንዷ ሐደራ ነበረች፤ በሜይ 1921 ብጥብጥም ጥቃት ደርሶባታል። እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ የመሣሪያ ቁጥጥሩን አከረሩት። በአረቦች ዐመፅ ጊዜ፣ ከ1937 መጨረሻ ጀምሮ፣ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶቻቸው መሣሪያ ይዞ የተገኘን ሰው እስከ ሞት ይቀጡ ነበር። እስራኤል ነፃ አገር ከሆነች በኋላ በ1949 የራሷን የጦር መሣሪያ ሕግ አወጣች።

ያ ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል። አሜሪካዊው ጠብመንጃ መያዝ ሕገ መንግሥቴ የሰጠኝ መብት ነው ብሎ ይሟገታል፤ እስራኤላዊው እንዲህ ብሎ የሚከራከርበት አንቀጽ የለውም። መሣሪያ የሚይዘው መንግሥት ሲፈቅድለት ነው። የአመልካቹ ዕድሜ፣ ጤና፣ የፖሊስ መዝገብ፣ የሚኖርበት አካባቢና ሥራ ይታያል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሣሪያን በፈቃድ የሚያዝ አድርጋዋለች፤ ነገር ግን ምንሽርና ለበን ከአባት ለልጅ በሚወረስበት የጎንደር ገጠር፣ ባላገሩ መሣሪያውን መንግሥት የሰጠው ነገር አድርጎ አይቆጥረውም። ከዚያ ገጠር ተነሥቶ በሱዳን በኩል እስራኤል የገባ ሰው ሁለቱንም ዓለም ያውቃል።

ይህ ሰው ወይም ልጁ ሐደራ ውስጥ መሣሪያ ዳግም የያዘው በሥራ ነው። ጥቃቱ በበዛባቸው ዓመታት የገበያው፣ የሱፐርማርኬቱና የአውቶቡስ ጣቢያው በር ሁሉ ዘበኛ ቆመበት። ወገኖቻችን «ሽሚራ» የሚሉት ይህ ሥራ ብዙዎቻቸውን ቀጥሯል። ዘበኛው ቦርሳ አስከፍቶ ያያል፣ በመፈተሻው ወገብ ይዳስሳል፤ ሌላው ሲሸሽ እርሱ ወደሚያጠራጥረው ሰው መጠጋት አለበት። ደመወዙ ግን ትንሽ ነው። ክብር ይገባዋል፤ ቀጥዬ የምለውም እርሱን ለመውቀስ አይደለም።

የሥራ ሰዓቱ ሲያበቃ ሽጉጡ የት ይሄዳል? ለብዙ ዓመታት ከዘበኛው ጋር ቤቱ ይገባ ነበር። በ2010 የሴቶች መብት ተሟጋቾች «ሽጉጥ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። በዘበኞች የሥራ መሣሪያ የተገደሉ ሚስቶችንና ዘመዶችን መዘገቡ፤ ሽጉጡ በሥራ ቦታ ተቆልፎ ይደር አሉ። መንግሥት በ2013 ይህን አስገደደ። በኖቬምበር 2014 ኢየሩሳሌም ውስጥ በምኩራብ ላይ ጥቃት ሲደርስ ያው መንግሥት ገደቡን አላላው። ሽጉጡ ወደ ቤት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሆነ። በ2018 የእግረኛ ጦር ሥልጠና ያላቸው ሁሉ ማመልከት እንዲችሉ ተፈቀደ። በማርች 2022 ሐደራ ውስጥ ሁለት የድንበር ፖሊሶች ተገደሉ፤ በዚያው ሳምንት ጠቅላይ ሚኒስትር ናፍታሊ ቤኔት ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ይታጠቅ ብለው ተናገሩ። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት በኋላ ሚኒስትር ኢታማር ቤን ግቪር ደንቡን ይበልጥ አሰፉት፤ የሚፈቀደው ጥይት ከ50 ወደ 100 አደገ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ አዲስ ፈቃድ ጸደቀ። በዚያው ኖቬምበር ዩቫል ካስልማን የተባለ ፈቃድ ያለው ሲቪል ኢየሩሳሌም መግቢያ ላይ በአጥቂዎች ላይ ተኮሰ፤ እጁን አንሥቶ ሳለ አንድ ወታደር አጥቂ መስሎት ገደለው። ጀግናው ታጣቂም፣ ታጣቂውን የገደለው ስሕተትም በአንድ ቦታ ተገኙ።

ስለዚህ መሣሪያ ያድናል ወይስ ይገድላል የሚለው ክርክር ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አያጣም። የቤቱ ጉዳይ ግን ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። የእስራኤል ጦር በ2006 ወታደሮች ለሳምንቱ መጨረሻ እረፍት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠብመንጃቸውን በካምፕ እንዲተዉ አደረገ። ራሳቸውን የሚያጠፉት ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ቀነሰ፤ የቀነሰውም በተለይ በእረፍት ቀናት ነበር። ከዚህ የሚልቅ ማስረጃ ከየት ይመጣል? በእስራኤል በባሎቻቸው እጅ ከሚሞቱት ሴቶች መካከል የኢትዮጵያውያኑ ድርሻ ከሕዝብ ቁጥራችን በላይ እንደሆነም ሁላችን እናውቃለን። ብዙዎቹ የሞቱት በሽጉጥ አይደለም፤ ሽጉጥ ሲጨመርበት ግን ለመሮጥና ለመጮኽ ጊዜ አይኖርም።

የሥራ ሽጉጥ በሥራ ቦታ ይደር የሚለው ደንብ ሚኒስትር በተቀያየረ ቁጥር የሚላላ መሆን የለበትም፤ የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴቱ፣ በሕግ ያጽናው። በሽሚራ ሥራ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ግን እስከዚያ አትጠብቁ፤ አሠሪያችሁ የሚቆለፍ ካዝና እንዲያዘጋጅ ጠይቁ፤ የሥራ ሽጉጣችሁን እዚያው አስረክባችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።